ከአሥረኛው ደቂቃ ወዲያ

ሩጫ የጀመርኩ ሰሞን የምቆጥረው ደቂቃ ሳይሆን የመብራት ምሰሶ ነበር። አንደኛውን አልፋለሁ፣ ሁለተኛውን እንደምንም አልፋለሁ፣ ሦስተኛው ሥር ስደርስ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ጭኜ አቀረቅራለሁ። አፌን ብረት ብረት ይለዋል፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ የምትደልቅ ይመስለኛል። «ይሄን ሰው ወዶ ነው የሚያደርገው?» እላለሁ። ለጤና ይጠቅማል ሲባል አምናለሁ፤ መራራ መድኃኒትም ይጠቅማል። ደስ ይላል ሲሉኝ ግን ወይ ይዋሻሉ ወይ አፈጣጠራቸው ሌላ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አድሬ ወጣሁ። ለመሮጥ አቅሙ ስላልነበረኝ ሶምሶማ ለማለት እንኳ በሚያሳፍር ፍጥነት እግሬን መጎተት ጀመርኩ። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ቢመጣ ይቀድመኝ ነበር። ሐሳቤ እንደተለመደው ሦስተኛው ምሰሶ ደርሼ ልመለስ ነው። መቼ እንዳለፍኩት አላውቅም። ልብ ያልኩት ጫማዬ ጠጠሩን ሲረግጥ የሚያሰማውን ድምፅ ነው፤ ትንፋሼ ከሱ ጋር ገጥሞ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ውጭ። ትከሻዬ ወርዷል፣ መንጋጋዬ ተፈታቷል። ሰዓቴን ሳይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆኖኛል። ሳላስበው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያውም እንቅልፍ አጥቼ ባደርኩበት ቀን።

አጋጣሚ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳነብና በራሴ ላይ ስሞክረው እንደገባኝ ግን ያን ቀን ሳላውቅ ሁለት ነገር በትክክል አድርጌያለሁ፤ ቀስ ብያለሁ፣ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልፌም ቆይቻለሁ። አብዛኛው ሰው ሩጫን የሚያውቀው ከአሥረኛው ደቂቃ ወዲህ ባለው በኩል ብቻ ነው። በዚያ በኩል ደግሞ ደስታ የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቁጭ ብለን ሳለን ሰውነታችን ለአንድ ኪሎ ክብደት በየደቂቃው 3.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይበቃዋል። ቀለል ባለ ሶምሶማ ይህ ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። ጡንቻው ይህን የሚጠይቀው ገና ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ነው፤ አቅራቢዎቹ ግን ወዲያው አይደርሱለትም። ልብ ምቷን እስክታፈጥን፣ ወደ ሆድ ዕቃ ይሄድ የነበረው ደም ወደ እግር እስኪዞር፣ ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እስኪሰፉ ጊዜ ይወስዳል። ጤነኛ ሰው ላይ አቅርቦቱ ከፍላጎቱ ጋር ለመተካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰውነቱ እንቅስቃሴ ላልለመደ ሰው ከዚያም ይዘገያል። እስከዚያው ጡንቻው ኦክስጅን በማይፈልገው መንገድ ጉልበት እያመነጨ በብድር ይኖራል። ከቤቱ ተፈትልኮ የሚወጣ ሰው ገና ብድሩ ሳይከፈል ሌላ ዕዳ ይቆልልበታል። ሦስተኛው ምሰሶ ሥር የሚያስጎነብሰው ይኸው የተቆለለ ዕዳ ነው። ቀስ ብሎ ለጀመረ ሰው ዕዳው ትንሽ ነው፤ ሰውነቱ ሲሞቅ፣ ጅማቱ ሲፍታታ፣ ትንፋሹ ሲረጋ እግሩ ከራሱ ጋር ይስማማል። አሥር ደቂቃ የምለው ለኔ የሚሠራውን ነው፤ ለአንዱ ስድስት፣ ለሌላው አሥራ አምስት ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ደቂቃዎች ሌላም ጉዳት አላቸው፤ የነገውን ሩጫ ያጠለሹብናል። በካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት ሰዎችን ስፖርት ከመሥራታቸው በፊት ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ጠየቁ፤ ከሠሩ በኋላ ደግሞ ምን ያህል ደስ እንዳላቸው። ሰዎቹ ከገመቱት በላይ ደስ ብሏቸው ተገኙ። የግምቱ ስህተት ከየት እንደመጣ ሲፈለግ፣ ሰው ስለ ስፖርቱ ሲያስብ አእምሮው መጀመሪያ ላይ ያለውን መጥፎ ክፍል ብቻ አውጥቶ እንደሚያይ ታወቀ። የበሩን ደፍ አይቶ ስለ ቤቱ ይፈርዳል እንደማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከመውጣቴ በፊት የሚሰማኝን ስንፍና እንደ ምስክር መስማቱን ትቻለሁ። አምስት ዓመት ሮጬም ያ ስንፍና አልጠፋም፤ ዛሬም ጫማዬን ሳስር «ቅር ይበል» ይለኛል።

ስለ ፍጥነቱ ትንሽ ልቆይበት፤ ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ፓንተሊሞን ኤኬካኪስ የተባሉ የስፖርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሌሎች የተለየ ነገር አደረጉ። ቀደም ሲል ሰው ከስፖርት በፊትና በኋላ ብቻ ስሜቱን ይጠየቅ ስለነበር መልሱ ሁልጊዜ «ደስ አለኝ» ነበር፤ ሥቃይ ሲያልፍ ማንም እፎይ ይላል። እሳቸው ግን በየደቂቃው፣ ሰውዬው እየሠራ ሳለ፣ ስሜቱን ከአምስት ሲደመር እስከ አምስት ሲቀነስ በቁጥር እንዲናገር አደረጉ። የታየው ነገር ግልጽ ነበር። ትንፋሻችን ከሥራው በላይ መፍጠን የሚጀምርበት አንድ መስመር አለ። ከዚያ መስመር በታች አብዛኛው ሰው ደህና ይሰማዋል፤ መስመሩ አካባቢ አንዱ ይወደዋል፣ ሌላው ይጠላዋል፤ ከመስመሩ በላይ ሲወጣ ግን የሁሉም ሰው ስሜት ማለት ይቻላል ቁልቁል ይወርዳል። መስመሩ ከሰው ሰው ይለያያል። ጀማሪ ላይ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሌላው ቀላል የሆነው ፍጥነት ለሱ ከመስመሩ በላይ ነው። ስለዚህ «ሩጫ አልወድም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ሰው ከመስመሩ በታች ሮጦ አያውቅም።

መስመሩን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከተቻለ ከመስመሩ በታች ነን ማለት ነው። እኔ የስልክ ቁጥሬን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ መሃል ላይ አየር ለመሳብ ካቆምኩ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የልብ ምትን ጣሪያ የማውጣቱ ሒሳብ ለብዙ ሰው በአማካይ ይሠራል፤ ለአንድ ሰው ግን በአሥርና ከዚያ በላይ ምት ሊሳሳት ስለሚችል ከሰዓቱ ይልቅ አፌን አምናለሁ። መናገር አልቻልኩም? እቀንሳለሁ። አሁንም አልቻልኩም? እራመዳለሁ። ጀማሪ አንድ ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ ቢራመድ ሮጧል። እየተራመዱ መሮጥ ማጭበርበር የሚመስለው ሩጫን ከውድድር ጋር ብቻ አያይዞ ለሚያስብ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን እንፈጥናለን? እኔ እንደማስበው ስለምናፍር ነው። ሰው ፊት ቀስ ብሎ መሮጥ ከመራመድም ከመሮጥም ያልሆነ፣ የሚያስቅ ነገር ይመስላል። በምሮጥበት መንገድ ዳር ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁ አንዲት እናት አሉ። በዚያ ዘገምተኛ ሰሞን ሳልፋቸው ጠሩኝና «ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አሉኝ። ማንም አልኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እሱስ ደግ ሰው ነው፤ በዚህ አሯሯጥህ ቢፈልግ ይይዝህ ነበር» አሉ። ሳቄ ሲመጣ ትንፋሼ ተቆራረጠ።

በዚህ ዓይነቱ ነገር ያፈርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ቢል ባወርማን የአሜሪካ የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ አሰልጣኝ፣ ኋላም ከናይኪ መሥራቾች አንዱ የሆኑ ሰው ናቸው። በ1962 መጨረሻ ላይ ኒውዚላንድ ሄደው አርተር ሊዲያርድ የተባሉትን አሰልጣኝ ሲጎበኙ ሊዲያርድ ኦክላንድ ውስጥ ከተራ ሰዎች ጋር ሶምሶማ እንዲወጡ ጋበዟቸው። ባወርማን ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ ነበር፤ ራሳቸውን ደህና አቋም ላይ ነኝ ብለው ያስቡ ነበር። ብዙም ሳይሄዱ ወደ ኋላ ቀሩ። አብሯቸው የዘገየውና እያጫወተ ያደረሳቸው ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሽማግሌ ነበር። ባወርማን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህን ለጨዋታ የሚመች ሩጫ ለአሜሪካውያን ማስተማር ጀመሩ። የትልልቅ ሯጮች አሰልጣኝ ከሽማግሌ የተማሩት ነገር እያወሩ መሮጥን ነው።

ወደ አንጎል እንሂድ። ስለ ሩጫ ደስታ ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው ስም ኢንዶርፊን ነው። አንጎል የራሱን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር እንደሚሠራ በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ከተደረሰበት በኋላ፣ ሯጮች ከሮጡ በኋላ ደማቸው ውስጥ ኢንዶርፊን ከፍ ብሎ ሲገኝ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ችግሩ ደም ውስጥ ያለው ኢንዶርፊን አንጎልን ከደም የሚለየውን ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም። በ2008 ጀርመን ውስጥ የአሥር ሯጮች አንጎል ከሁለት ሰዓት ሩጫ በፊትና በኋላ በምስል ሲታይ በርግጥ ኢንዶርፊን መሰል ነገር አንጎል ውስጥም እንደሚለቀቅ የሚጠቁም ውጤት ተገኘ። ግን ሁለት ሰዓት! እኔ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበር የሮጥኩት።

ሌላው ተጠርጣሪ ስሙም ደስ ይላል። በ1992 እስራኤል ውስጥ የራፋኤል ሜሹላም ቡድን አንጎል ራሱ የሚሠራውን፣ ካናቢስ የተባለው ዕፅ አንጎል ውስጥ የሚያንኳኳውን በር (ተቀባይ) የሚያንኳኳ አንድ ንጥረ ነገር አገኘና «አናንዳማይድ» አለው፤ «አናንዳ» በሳንስክሪት ደስታ፣ ሐሤት ማለት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ቅባት ስለሚወድ የአንጎሉን ግድግዳ ያለ ችግር ያልፋል። በ2003 ወጣቶች ለሃምሳ ደቂቃ ያህል በመካከለኛ ፍጥነት ሲሮጡ ደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ጨመረ። በ2012 ደግሞ ዴቪድ ራይክለንና ባልደረቦቹ ሰዎችን፣ ውሾችንና ፌሬት የሚባሉትን ሽለምጥማጥ መሰል እንስሳት በመሮጫ ማሽን ላይ ለሠላሳ ደቂቃ አስሮጡ። የሰዎቹና የውሾቹ ጨመረ፤ የፌሬቶቹ ምንም አልተለወጠም። ረጅም መንገድ መሮጥ የኑሯቸው ክፍል ለሆኑ ፍጥረታት ተፈጥሮ የከፈለችው ጉርሻ ይሆናል የሚል ግምት ከዚህ መጣ። ማሰሪያው ሲፈታ የሚቦርቅ ውሻ ያየ ሰው ግምቱን ለማመን አይቸገርም።

ለተራ ሯጭ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው በቀጣዩ ዓመት የተገኘው ነው። የእግር ጉዞም፣ እጅግ ፈጣን ሩጫም ይህን ንጥረ ነገር በደንብ አልጨመሩትም፤ የጨመረው መካከለኛው፣ ከልብ ምት ጣሪያ ከመቶ ሰባና ሰማንያው አካባቢ ያለው ነው። ከዚያ በ2021 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት 63 ሰዎችን አርባ አምስት ደቂቃ አስሮጠ። ለከፊሎቹ የኢንዶርፊንን በር የሚዘጋ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ ባዶ ክኒን። መድኃኒቱን የወሰዱትም ልክ እንደሌሎቹ ደስታ ተሰማቸው፣ ጭንቀታቸውም ቀነሰ። ይህ የአናንዳማይድን ወገን ያበረታል። ክርክሩ ግን አልተዘጋም፤ አንድ ንጥረ ነገር ብቻውን ይህን ሁሉ ይሠራል ብሎ ማሰብም የዋህነት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። «የሯጭ ምርቃና» እያሉ የሚያጋንኑትን ጠብቆ የሚወጣ ሰው ያዝናል። እኔ ከመሬት የተነሳሁ የመሰለኝ በጣት ለሚቆጠር ጊዜ ነው። የተለመደው ደስታ ጸጥ ያለ ነው፤ ውስጤ ሲጮህ የቆየ ሬዲዮ ድምፁ ዝቅ እንደማለት። አርኔ ዲትሪች የተባሉ የአእምሮ ሳይንስ ሊቅ በ2003 ለዚህ አንድ መላምት አቅርበዋል። አንጎል ለሁሉም ክፍሉ በአንድ ጊዜ የሚያድለው ጉልበት የለውም፤ ስንሮጥ እንቅስቃሴን፣ ሚዛንን፣ ዓይንና ጆሮን የሚመሩት ክፍሎች ብዙ ስለሚወስዱ፣ ግንባራችን በኩል ያለው የሚያቅደው፣ የሚያሰላው፣ የሚወቅሰው ክፍል ለጊዜው ይቀዘቅዛል ይላሉ። መላምት ነው፤ ከራሴ ልምድ ጋር ግን ልክክ ይላል። አንድ የሥራ ደብዳቤ ስጽፍ ሦስት ቀን መግቢያው ጠፍቶብኝ ነበር። ሳልፈልገው፣ ዳገቱን ጨርሼ ስወርድ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ መጣልኝ። እንዳይጠፋኝ ቤት እስክገባ እየደጋገምኩ ሮጥኩ፤ የመንገዱ ሰው ምን እንዳለኝ አላውቅም።

ሌላው የደስታ ምንጭ ሰውነት ሲለወጥ ማየት ነው፤ ይህኛው ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚለወጠው የደም ፈሳሽ ነው፤ ሥልጠና በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠኑ ይጨምራል፣ ልብም በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ስለሚቻላት የምቱ ቁጥር ይቀንሳል። ቀጥሎ ጡንቻ ውስጥ ጉልበት የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያ ይበዛሉ። ጆን ሆሎዚ በ1967 ለሳምንታት ያስሮጧቸው አይጦች ጡንቻ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ እጥፍ ገደማ ሆኖ ነበር። ይህ በተራ ሰው ሕይወት ሲመነዘር ደረጃ ወጥቶ ያለማለክለክ ነው። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ስልክ እያወራሁ ወጣሁ፤ መውጣቴን ያወቅኩት በሩ ላይ ደርሼ ቁልፍ ስፈልግ ነው።

ይህ ደስታ ግን ወጥመድ አለው፣ እኔም ገብቼበታለሁ። ልብና ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክሩ ጅማትና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። አንድ እርምጃ ስናርፍ መሬቱ ከክብደታችን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ በሆነ ኃይል መልሶ ይገፋናል፤ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ እርምጃው አምስት ሺህ ይጠጋል። በሁለተኛው ወር ትንፋሼ ሲስተካከል ጀግና ሆንኩ። በየቀኑ ወጣሁ፣ ርቀቱንም በአንድ ሳምንት እጥፍ አደረግሁት። ከዚያ ቅልጥሜ በውስጥ በኩል ያመኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ፣ ቀጥሎ ስራመድም፣ በመጨረሻ በአውራ ጣቴ ስጫነው የሚያስጮህ። ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ያወቅኩት፣ ከሩጫው ይልቅ የናፈቀኝ ያ ጸጥታ መሆኑን ነው። አሁን በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ነው የምወጣው። አጥንት ላይ አንድ ነጥብ ለይቶ የሚያም ሕመም ከመጣ አቆማለሁ። ደረት ላይ ጭነት ወይም ራስ መሳት የተሰማው ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያይ አንድ እርምጃ አይሩጥ።

የቀረው አጨራረሱ ነው። ለብዙ ጊዜ የመጨረሻዋን ሁለት መቶ ሜትር ባለ በሌለ ኃይሌ እየሮጥኩ እጨርስ ነበር፤ የሩጫ ሥርዓቱ እንደዚያ ስለሚመስለኝ። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት አስተወኝ። ሰዎችን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብስክሌት ሲያስነዱ ለከፊሎቹ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ለከፊሎቹ ከከባድ ወደ ቀላል እንዲሄድ አደረጉ። የሥራው ጠቅላላ መጠን ያው ነው። እየቀለለላቸው የጨረሱት ግን ነገሩን ደስ ያለ ነገር አድርገው አስታወሱት፤ ቀናት ካለፉም በኋላ። ትዝታ ከመካከሉ ይልቅ መጨረሻውን ይዞ ይቀራል፤ ነገ ልውጣ ወይስ ልተኛ የሚለውን የሚወስነውም ትዝታ ነው። ብስክሌቱ ላይ እየቀለለላቸው የጨረሱት ከባዱን ክፍል የሠሩት መጀመሪያ ላይ ነው፤ እኔ ሩጫ ላይ ያን አልመክርም። ቀስ ብዬ እጀምራለሁ፣ መሃሉ ላይ እንደ ስሜቴ እሆናለሁ፣ የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ እንደገና ወደዚያ አሳፋሪ ሶምሶማዬ እወርዳለሁ።

የምወርደው ደግሞ ልክ እናቲቱ የሚቀመጡበት ጋ ስደርስ ነው። ትናንት ሳልፍ ከርቀት አዩኝ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ከኋላዬ መንገዱን ቃኙ።

«ዛሬም አልያዘህም?» አሉኝ።